ጃማይካ ለምን ወሰደኝ?

ቡሪየን፣ ሲያትል
መጋቢት 1989 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ደጃፍሽ ላይ ፀሐይ እየሞቅሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ የጎረቤት ውሻ አሁንም ሲጮህ ያድራል ወይስ ባለቤቶቹ አንድ ነገር አደረጉት? እትዬ አፀደን በስልካቸው ስላስቸገርናቸው እግዚአብሔር ይስጥልን ብላለች በያቸው። ናዝሬት መቼም ሙቀቱ ጀምሯል። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

እኛ ደህና ነን። ሚሪያም የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትወድቅ ግን የምታለቅሰው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ አልረሳችውም ማለት ነው። ብዙነህ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ስለማያውቅ የእሱን ሰላምታ እኔው ሰጥቼሻለሁ። አንቺም ራስሽ አንብቢው እንጂ ለወንድሜ ለዘካሪያስ ሰጥተሽ አታስነብቢ። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ሞታለች ብዬ ስኖር ነበር። አዎ፣ አንቺን። በልቤ ቀብሬሽ፣ ሥራ ቦታ የሆቴሉን አንሶላ እያጠፍኩ አልቅሼልሽ፣ ጥቁር ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ አጥቤ ሰቅዬው ነበር። ሞት ለጠላትሽ ይሁን። ድምፅሽን የሰማሁ ቀን ከደስታዬ ብዛት የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት። እዚያ ላይ እደርሳለሁ።

ጠርጣራ ነሽ ትይኝ የለ? ከልጅነቴ ጀምሮ የተዘጋ ድስት ሳልከፍት አላልፍም። ግን ይሄኛውን ጥርጣሬ ያመጣሁት ከራሴ አይደለም፤ እዚህ ያለነው ሰዎች ያስለመድነው ነገር ነው። አገር ቤት ሰው የሞተበት ለታ ለሐዘንተኛው አይነገርም። መጀመሪያ የሚሰማው ጓደኛው ነው፣ ቀጥሎ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ ሳያውቅ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ዕቃ ይገዛል። ሥራ የማይገባበት ቀን ይጠበቅና ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሽማግሌዎች በመኪና መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። ሰው በራፉ ላይ ያን ያህል ጫማ ሲያይ ሳይነገረው ያውቀዋል።

አምና እዚህ ላለችው ጓደኛችን ለሠርካለም እንዲህ አድርገንላት ነበር። ወንድሟ መሞቱን ሁላችንም እያወቅን ሰርግ ቤት እስክስታ ስትመታ አጨብጭበንላታል። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ሰው የማያውቀውን ነገር አንቺ ስታውቂበት ዓይንሽ እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁት፤ ሁሉም ሰው ያለልክ ደግ ይሆናል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ትከሻ ይነካል፣ ፊት ለፊት ግን አያይም። በኋላ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስስቅ እያያችሁኝ ነበር አይደል አለችን።

ያ ዓይን ነው እንግዲህ ወደ እኔ የዞረው።

የመጀመሪያዋ ከብረት ናት። በደብዳቤ አንስቼልሽ አውቃለሁ፤ እዚሁ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር የምትኖረው፣ አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው ጓደኛዬ። በሁሉ ነገር የምትስቅ ሴት ናት። ብዙነህ ጃማይካ ሊወስደኝ ነው ብዬ ስነግራት ግን አልሳቀችም። ሂጂ፣ ሚሪያምን እኔ እይዝልሻለሁ፣ ምንም አታስቢ አለችኝና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተችው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሳሙና ገባብኝ አለች።

የጃማይካውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ብዙነህን ታውቂዋለሽ፤ ዕረፍት የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ በረዶም ቢሆን ሰው ቀረ ሲሉት እሺ ብሎ ይገባል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ካልሲውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ይተኛል። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ትርፍ ወንበር ከተገኘ ከነቤተሰባቸው የፈለጉበት ይበራሉ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ተጠቅሞበት አያውቅም። እኛ ሰዎች ዕረፍት ካገኘን ወይ አገራችን እንገባለን ወይ ሎስ አንጀለስ ሰርግ እንሄዳለን። ባልና ሚስት ብቻቸውን ባሕር ዳር ሄደው አሸዋ ላይ ሲጋደሙ በእኛ መሃል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አንድ ቀን ከሥራ ገባና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ቬኬሽን ልንሄድ ነው፣ ቲኬቱን ጨርሻለሁ አለኝ። የት ስለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአየር መንገዱን ካላንደር አሳየኝ። ፏፏቴ ነው፤ ውኃው በድንጋይ ደረጃ እየወረደ ባሕር ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ካላንደሩን እያየሁ እዚህ ውኃ ውስጥ እግሬን ብነክር ብዬ ነበርና፣ እሱን አስታውሶ ነው። ይሄ የሠርጋችንን ቀን የማያስታውስ ሰው። ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ሴት ይዞ ይሆን ብዬም ነበር፣ አልዋሽሽም። በደል ያለበት ባል ነው እንዲህ የሚያደርገው። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ጃኬቱን አሸተትኩ፤ የአውሮፕላን ነዳጅ ነው የሚሸተው፣ እንደ ሁልጊዜው። ለምን ስለው ሐኪሙ እረፍት ያስፈልጋታል ስላለ ነው አለኝ።

የሐኪሙ ነገር እንዲህ ነው። ከገና ጀምሮ ድካም ድካም ይለኝ ነበር፤ ምግብ አልወርድ አለኝ፣ ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ብዙነህ ሐኪም ቤት አመላልሶኝ ደም ቀዱ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሆዴን በማሽን አዩ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀመጠንና አስተርጓሚ በስልክ ላምጣላችሁ ወይ ሲል ብዙነህ አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ አለ። ይቺን ራሴ ሰምቻለሁ፤ የቀረው ግን አንሶላ ስናጥብ በለመድኳት እንግሊዝኛ የሚቻል አልነበረም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለ ብዙ ተናገረ። እያየ የሚናገረው እኔን ነበር እንጂ ብዙነህን አልነበረም። ሲጨርስ የሶፍት ካርቶን አንሥቶ ፊት ለፊቴ አስቀመጠ፤ እኔ አፍንጫዬ ደህና ነው ብዬ ወደ ብዙነህ ገፋሁት። ብዙነህ ብዙ ሶፍት ጨረሰ። አለርጂ ነው አለኝ። ሐኪሙ ምን አለ ስለው፣ ደም ማነስ ነው፣ እረፍት አድርጊ፣ በደንብ ብዪ ነው የሚለው አለኝ። ያ ሁሉ ንግግር ለደም ማነስ ነው ወይ ስለው ፈረንጅ እኮ ነገር ማርዘም ይወዳል ብሎ እጄን ይዞ አወጣኝ። ስለዚህ ስለ እኔ አትስጊ፣ ክኒን ይዣለሁ።

እንግዲህ አባ ጳውሎስን ስሚ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። እርጉዝ ሴት እንኳ ልብላ ብትላቸው ያጉረመርማሉ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሳልጠራቸው ጸበል ይዘው በሥራ ቀን ቤቴ መጡ። ረጅም ጸሎት ደገሙልኝ፣ በመስቀላቸው ዳበሱኝ፣ ከዚያ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ፣ ያገኘሽውን ብዪ አሉኝ። ሳልለምናቸው! ለሐዘንተኛ ነው እንዲህ የሚያዝኑት አልኩ። ሐዘን መጥቶ ሰውነቴን እንዳይጥለው ቀድመው አቅም ሊያስይዙኝ ነው።

ያኔ ነው ወደ አንቺ የደወልኩት። ዘካሪያስን እትዬ አፀደ ቤት ጠርተው አቀረቡልኝ። እማዬን አቅርብልኝ ስለው ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሄዳለች አለኝ። እማዬ፣ አንቺው ፍረጂኝ። እኛ አገር የሞተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል አይደለም ወይ? የሠርካለምም ወንድም ጸበል ሄዷል ብለን ነበር። በዚያ ጉልበቷ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ሄደች ስለው ድምፁ ተቆረጠ፤ ከዚያ መስመሩ ነው አለኝ። መስመሩ አልነበረም። መስመሩ ሲበላሽ እንዴት እንደሚል አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ሳይነጋ ለብሼ፣ ፀጉሬን አስሬ፣ የመኪና ድምፅ እጠብቃለሁ። አንድ ቅዳሜ መጣ። መኪና በራችን ላይ ቆመ፣ የመኪና በር ተከፈተ፣ የሰው ኮቴ ተሰማ። እኔ እዬዬ ብዬ ጮህኩ። ለካ የጎረቤቱን ጋዜጣ የሚያድለው ሰውዬ ነው፤ ጋዜጣውን ጥሎ ሮጠ። ብዙነህ ከአልጋው ዘሎ መጣና ትከሻዬን ይዞ ማን ነገረሽ? አለኝ።

ማን ነገረሽ ነው ያለኝ እማዬ። ምኑን? አልኩት። ትከሻዬን ለቀቀ። እናቴ ሞታለች አይደል? አልኩት። ያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ እፎይ ያለ ሰው ፊት ነበር። የለም የለም፣ በሚሪያም ሞት፣ እናትሽ ደህና ናት ብሎ ማለልኝ። ለሠርካለምም ምለንላት ነበር፤ ለመርዶ ሲባል ሰው በመስቀል ይምላል። አላመንኩትም። ግን ያቺ እፎይታው ምን እንደሆነች አልገባኝም፤ በልቤ አስቀመጥኳት።

ጃማይካ የሄድኩት እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው። እዚያ ወስዶ ባሕር ዳር ሊያረዳኝ ነው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ጩኸቴ ጎረቤት እንዳያስቸግር ብዬ አስቤ ነበር። ትርፍ ወንበር እስኪገኝ ማያሚ ኤርፖርት ወለል ላይ ተቀምጠን ዋልን። እሱ ትርፍ ጃኬቱን አንጥፎ በየደቂቃው በረደሽ ወይ፣ ራበሽ ወይ፣ አመመሽ ወይ ይለኛል። አመመሽ ወይ ማለቱ ገረመኝ። ደም ማነስ ያማል እንዴ?

አገሩ ያምራል፣ አልክደውም። ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ አየሩ እንደ እንፋሎት ፊትሽ ላይ ይመጣል፤ ናዝሬትን ነው፣ ግን እርጥብ። ባሕሩ ቀለሙ አይታመንም፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር። ጠዋት የሚያቀርቡት ቢጫ ፍሬ አለ፣ ከጨው ዓሣ ጋር የተጠበሰ፤ እንቁላል መስሎኝ ጾሙ ተፈቷል ብዬ በላሁና ፍሬ መሆኑን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። መንገድ ዳር በርሜል ውስጥ በእንጨት ጭስ የሚጠበስ በርበሬ የበዛበት ዶሮ ይሸጣሉ፤ እሱስ ያንቺን አፍ ያቃጥላል። ገበያቸው ሴቶች ከሰሌን ባርኔጣና ቅርጫት እየሠሩ የሚጣሩበት ነው፤ ለሚሪያም ስሟን ያስጠለፍኩበት ትንሽ ቦርሳ ገዛሁላት።

ብዙነህ ግን አንድ ነገር ያዘ። ከሥራ ጓደኛው የቪዲዮ ካሜራ ተውሶ መጥቷል። ፎቶ ሲነሳ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው በየሄድንበት ያነሳኛል። እኔን ብቻ ነው፤ ባሕሩን አይደለም፣ ዛፉን አይደለም። ስበላ፣ ስስቅ፣ ጫማዬን ሳወልቅ። አንዴ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና በይ ለሚሪያም አንድ ነገር ንገሪያት፣ ስታድግ ታየዋለች አለኝ። ስታድግ? ልጅቷን ከሦስት ቀን በኋላ አገኛት የለም ወይ አልኩት። ካሜራውን ከዓይኑ አላወረደም። እሺ ብዬ ጥርስሽን ፋቂ፣ ከብረትን አታስቸግሪ አልኩ። ሌላም በይ አለኝ። ምን ልበል፣ አልኩት። ዝም ብለሽ አውሪ አለኝ።

የቀርከሃው ታንኳ ላይ የሆነውን ግን ስሚ። አንድ ወንዝ አለ፤ ረጃጅም ቀርከሃ አስረው እንደ ሳንቃ ያደርጉትና ሁለት ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ባለ ታንኳው ከፊት ቆሞ በረጅም ዱላ ይገፋል። የእኛው ዊንስተን ይባላል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቆብ አድርጎ፣ ፀጉሩ ከቆቡ ውስጥ ተጠቅልሎ። ከኢትዮጵያ ነን ስንለው ቆቡን አውልቆ ፀጉሩ እስከ ወገቡ ወረደ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደልን። እንዴት ያለ አክብሮት ነው፤ እኔ እንደዚያ የሰገደልኝ ሰው አላውቅም። እሱና ብዙነህ ወሬ ጀመሩ። የዊንስተን እንግሊዝኛ ለእኔ አይያዝም፤ ብዙነህም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ውኃውን እየነካሁ አላየኋቸውም ብዬ አያቸዋለሁ። ብዙነህ አንድ ነገር አለውና ዊንስተን መግፋቱን ተወ። ታንኳው ዝም ብሎ በራሱ ሄደ። ዊንስተን ብዙነህን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ፤ ሲስተር፣ እህቴ ብሎኝ ለራሱ የሚጸልይ ዓይነት አንድ ነገር አለ። ብዙነህ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሯል።

እንግዲህ ባለ ታንኳው እንኳ እናቴ መሞቷን ሰምቷል አልኩ። ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ብዙነህ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ወረድኩና የሆቴሉን ስልክ ሠራተኛ እጁን ይዤ ለመንኩት። የእትዬ አፀደን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው። ስንት ጊዜ ሞክሮ ገባልኝ። እትዬ አፀደ ማን ልበል ሲሉ እማዬን ስጡኝ፣ ጸበል ሄዳለች እንዳትሉኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ይቅርታ ጠይቂልኝ። ኧረ እዚሁ ናት፣ ትናንት ገባች አሉኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ልጄ አልሽኝ።

ስልኩን ሳስቀምጥ ነው እንግዲህ የስልክ ሠራተኛውን ያቀፍኩት። ሰውዬው ደንግጦ ኦኬ ኦኬ ይለኛል።

ያን ቀን የኖርኩትን ያህል በሕይወቴ ኖሬ አላውቅም። ፏፏቴው ጋ ሄድን። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ሆነው ነው በውኃው ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወጡት፤ ከፊት አስጎብኚ አለ፣ ከፊቴ ጀርመኖች፣ ከኋላዬ ብዙነህ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እግርሽን ይጎትታል። ግማሽ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሰው ሁሉ እየሳቀ ሲያልፈኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባም ሄድን፤ እግርሽ ሥር ቢጫ ዓሣ፣ ጥቁርና ነጭ ዓሣ ያልፋል፣ ድንጋዩ ሁሉ ያበበ ይመስላል። ከዚያ ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቤ ገባሁ፣ በልብሴ። እናቴ አለች፣ እናቴ አለች እያልኩ ውኃውን ስመታው ሰዎቹ ያበድኩ መሰላቸው።

ከውኃው ወጥቼ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩና ለብዙነህ ሁሉን ነገርኩት። አንተ ጅል፣ እማዬ የሞተች መስሎኝ እኮ ነው ስቃጠል የከረምኩት፣ ለምን ዓይናችሁን ትሰብሩብኛላችሁ አልኩት። አብሮኝ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። አጠገቤ ተቀመጠና እግሬ ላይ ያለውን አሸዋ በእጁ ይጠርግልኝ ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ ጣት ለጣት። እናትሽ ደህና ናት አለ። ሳቄ እዚያው ቆመ።

ከተመለስን ወዲህ ሥራዬ ሰው መቁጠር ሆኗል። አንቺ አለሽ፤ ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ዘካሪያስ አለ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው ብለሽኛል። አጎቴ ኃይለ መስቀል በፋሲካ እመጣለሁ ብሏል። በብዙነህ በኩል ያሉትንም አንድ በአንድ ጠየቅሁት፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ሚሪያም ይኸው ሥዕል እየሳለች አጠገቤ ናት። ታዲያ ሰው ሁሉ በየቤቱ ካለ ከብረት ያለቀሰችው ለማን ነው? አባ ጳውሎስ ያን ያህል የጸለዩት? እናቴ ሞታለች ወይ ስለው ብዙነህ እፎይ ያለው ከዚያ የባሰ ምን ሊሰማ ነበር? ከቤታችን ሳልቆጥር የቀረሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንቺም እማዬ። ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ እህል ውድነት ሳታወሪኝ ስልክ ዘግተሽ አታውቂም። ያን ቀን ግን ስለ አንዳቸውም አላነሳሽም። ትበያለሽ ወይ ብቻ ነው ያልሽኝ፣ ደግመሽ ደጋግመሽ። ጉልበቴ ሽሮልኛል፣ ከበፊትም ብዙ አላመመኝም አልሽ። ዕድሜዬን ለአንቺ ያድርገው አልሽኝ፤ ድሮም ትይው ነበር፣ እንደዚያ ግን ብለሽው አታውቂም። ያን ሁሉ መንገድ ለማን ብለሽ እንደሄድሽ አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም፤ እንድትዋሺኝ አልፈልግም።

ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ብዙነህን መኪናውን ፓርክ አድርገህ ድረስብኝ ብዬ ቀድሜ እገባለሁ። በስልክ የሚያስተረጉመውን ሰው አምጡልኝ የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ሚሪያም አስተምራኛለች፤ አፌ እስኪፈታ ደጋግማ አስባለችኝ፣ ስሳሳት ጥርስ በሌለው አፏ እየሳቀች። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀችኝም። ለክረምት እሷን ወደ አንቺ ልልካት አስቤያለሁ። ፀጉሯን አንቺ ሥሪላት፣ አማርኛውንም አንቺ ጋ ትናገራለች። እስከዚያ ክፍሉን እንዳታከራዪብኝ።

ሰኞ የምሰማውን እኔው ራሴ እጽፍልሻለሁ፤ ምንም አልደብቅሽም። አንቺም ስታለቅሺ ስልክ ላይ አልቅሺ፣ ከእኔ ተደብቀሽ አይሁን። በሰላም ያኑርሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የለመንሽውን ሁሉ ይስማሽ።

እስከ ሰኞ ብዙነህ ቢደውልልሽ ግን ምንም አልጠረጠረችም በዪው። ለብቻው ተሸክሞት ከርሞ በጣም ከስቷል፤ ጥቂት ቀን ይረፍ።

ልጅሽ